ንጹሕ ተብሎ የተላከ በቆሎ

ጥቅምት 3

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስል እንደማታምነኝ ስለማውቅ ልዘርዝርልህ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጉንፋኑም ለቆኛል።

«ለመሆኑ የኔን በቆሎ ምን ታደርጊበታለሽ? ሰው በቆሎ ለመፍጨት ይሄን ያህል ይማራል ወይ?» ብለህ የጻፍከውን ለቤተ ሙከራችን ሰዎች አነበብኩላቸው፤ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። መልሱ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከአንድ ሰው አንጀት የተወሰዱ ሴሎች አሉ። እኔ በትንንሽ ሳህን ላይ ዘርቼ አሳድጋቸዋለሁ፤ በየሁለት ቀኑ ምግባቸውን እቀይርላቸዋለሁ። አንድ ቀን ብዘል ይበላሻሉ። በሃያ አንደኛው ቀን ጎን ለጎን ተያይዘው ልክ እንደ አንጀት ግድግዳ ይሆናሉ። ያኔ ለአንዱ ሳህን ከሻገተ በቆሎ ያወጣሁትን ፈሳሽ፣ ለሌላው ደግሞ ከንጹሕ በቆሎ ያወጣሁትን እሰጥና እጠብቃለሁ።

ሴል ውስጥ ጂኖች አሉ፤ ሴሉ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዙት እነሱ ናቸው። መጋዘንህን አስብ። ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ላይ አይከፈቱም፤ ዛሬ የትኛው ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሚሆን አንተ ትወስናለህ። ሴልም እንደዚያ ነው። በምግብ የሚገባው የሻጋታ መርዝ ክፍሉን ላያፈርስ፣ ዕቃውንም ላይነካ ይችላል፤ ቁልፎቹን ግን ይቀያይራል። ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ነገር የሚያሠራው ጂን ይዘጋል። ከዚያ ግድግዳው ያፈሳል፤ ሰውየው ምንም ሳይታወቀው።

ያንተ በቆሎ መለኪያዬ ነው። ንጹሑ ንጹሕ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ኃላፊያችን ንጹሕ እህል ከየት እናምጣ ብላ ስትጨነቅ «ያባቴን አመጣለሁ፤ አርባ ዓመት ሙሉ እህል ሲሸጥ የተበላሸ ፍሬ ከእጁ አልፎ አያውቅም» አልኳት። የመጀመሪያውን ከረጢት መረመርነው፤ ጥርት ያለ ነው። «ቀጥሎ የሚመጣውንስ?» ስትለኝ «ያባቴ እጅ አይመረመርም» አልኩ። እንዴት እንደኮራሁ ብታየኝ!

አዲሱ ዙር ነገ ይጀምራል። እንዳለቀ አሥር ቀን ፈቃድ አለኝ፤ ወዲያው እመጣለሁ። ካየሁህ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ሐኪሙ ምን አለህ፣ ጽሑፍህ ለምን ተጣመመ፣ ስልክስ ለምን አታነሳም፣ ስመጣስ ምን ላምጣልህ?

ልጅህ

ጥቅምት 16

ሚጣዬ፣

ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ እኔ አሁንም ሚጣ እላለሁ፤ ምን ታደርጊኝ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ እንደምታውቂያት ሳትጠይቅ አታልፍም፤ «ታዲያ አንጀቱ የተወሰደበት ሰውዬ የት አለ?» ብላ ያዘችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። መልሱን ላኪልን፤ መቀመጫ አሳጥታኛለች።

የቁልፉ ነገር ገብቶኛል። ሌባ ገብቶ ምንም ሳይወስድ ቁልፌን ቀያይሮ ቢሄድ ከሰረቀኝ ይብስብኛል።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» እያልሽ በየደብዳቤው ትነዘንዢኛለሽ። ምን ይላል? ዕድሜ ነው አለኝ፤ ጠብታ ሰጠኝ፤ ራስ ምታቱ ተሽሎኛል። አለቀ። ጽሑፌ ተጣሟል ላልሽው፣ ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጥሯል፤ አናጢው ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰኛል። ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው ደግሞ፣ በስልክ «ደህና ነህ?» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ከሆነ ቢያንስ ቁጭ ብለሽ ታስቢኛለሽ።

ሁለተኛውን ከረጢት ወደ እናንተ ለሚመላለሰው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ፍሬ በፍሬ ነው የመረጥኩት፤ ከእኔ እህል የተነሳ አንድ ቀን እንዳትዘገዪ።

ስትመጪ ምን ላምጣልህ ብለሻል። ምንም። ፊትሽን በደንብ ማየት ነው የምፈልገው። ናፍቆትሽ ጎዳኝ፤ ደብቄ ምን አደርጋለሁ። ቶሎ ነይልኝ።

አባትሽ

ጥቅምት 29

አባዬ፣

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ዞርኩ። አልመጣም።

ሳህኖቹ ሃያ አንድ ቀናቸውን ሞሉ። ንጹሑን ፈሳሽ የሰጠሁት ሳህን ግን ልክ እንደ ተመረዘው ሆነ። ክፍት መሆን የነበረበት ጂን ተዘጋ፣ ግድግዳው አፈሰሰ። አንድ ቦታ ዕቃ አቀላቅዬ ይሆናል፤ እጄ ቆሽሾ ይሆናል፤ እንጃ። ኃላፊዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንደገና ዘርቻቸዋለሁ። ኅዳር 20 ይሞላቸዋል።

ሻንጣዬን እኮ አዘጋጅቼ ነበር። ሹራብ ገዝቼልህ ከላይ አድርጌው ነበር። አሁን ሻንጣውን ባየሁት ቁጥር ሆድ ይብሰኛል። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ለሃያ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ለልብስ ሰፊዋ ንገራት፤ ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ሴሎቹ ግን እስከዛሬ እየተባዙ ይኖራሉ። ፎቶዬን አብሬ ልኬያለሁ፤ እስክመጣ እሱን እያየህ ጠብቀኝ። ሌላም ከረጢት ብትልክልኝ አልጠላም። የመጨረሻው ፖስታህ አድራሻ ለምን በልብስ ሰፊዋ እጅ ተጻፈ?

ልጅህ

ኅዳር 10

የኔ ልጅ፣ ይህን የምጽፍልሽ እኔ ሰፊዋ ነኝ። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ይናገራል። ያለኝን ብቻ እንድጽፍ አስምሎኛል። እነሆ።

ሚጣዬ፣ አትደንግጪ፤ እጄን ወለም ብሎኝ ነው። ከረጢት ሳነሳ። (የትኛው እጅ ነው ብዬ ብጠይቀው ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት።) ይቺ ሴትዮ እኔ ያላልኩትን ከጻፈች አትመኚያት።

አንጀት አጠናለሁ ትያለሽ፤ የኔን አንጀት ግን በላሽው። ስለ ሹራቡ ባትጽፊልኝ ይሻል ነበር። አልመጣም ስትዪ ቻልኩት፤ ሻንጣው ላይ ሹራቡን ሳስበው ግን አልቻልኩም።

ሦስተኛውን ከረጢት ልኬልሻለሁ። አሥር ቀን ፈጀብኝ። ድሮ በሁለት ቀን ነበር የምጨርሰው፤ አሁን እያንዳንዱን ፍሬ በጣቴ ደባብሼ፣ ጎበጥ ያለውን፣ ቀለል ያለውን እየጣልኩ ነው። እንዲህ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። በዚህ ከተበላሸ ጥፋቱ የሳህንሽ ነው።

ፎቶው ደርሶኛል። ግን ምነው እንዲህ አሳነስሽው? ተለቅ አድርገሽ አሠሪና ላኪልኝ። ቶሎ ላኪው።

ክፉ አይንካሽ። አባትሽ ነኝ፤ ጸሐፊዋም ታቅፍሻለች።

ኅዳር 25

አባዬ፣

ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ። አስቸኳይ ነገር ልንገርህ።

ንጹሑ ሳህን እንደገና አፈሰሰ። ኃላፊዋ ምንም ሳትለኝ ያንተን በቆሎ አንስታ ወደ መመርመሪያው ወሰደችው። እኔ ቆሜ አየኋት። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ከረጢት መርዝ አለበት። ሦስተኛው እኛ ሆን ብለን ካሻገትነው ይብሳል። ሁለት ዙር ሙሉ ለንጹሕ ሳህን መርዝ ሳጠጣ ከረምኩ።

ከዚያ ክምር ለማንም እንዳትሸጥ። አንተም እንዳትበላ፣ ለእንስሳም እንዳትሰጥ። ታጥቦም ተቀቅሎም አይለቅም።

ማነው የመረጠው? እኔ ነኝ እንዳትለኝ፤ ያንተን እጅ አውቀዋለሁ። ለሌላ ሰው ሰጥተህ ነው? ወይስ ያረጀ እህል ቀላቅለህ? ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ ፊት «ያባቴ እጅ አይመረመርም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ሰው ሁሉ ፊት ምን ልበል? ለመምጣት ቀን እየቆጠርኩ ነበር። አሁን የምቆጥረው የለኝም።

ልጅህ

ታኅሣሥ 2

መጋዘኑን ዘግቻለሁ። ከዚያ ክምር የገዙት አራት ሰዎች ናቸው። የመጋዘኑ ጫኝ እጄን ይዞኝ በየቤታቸው ሄጄ እህሉን አስመልሼ አቃጥዬዋለሁ።

የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነካውም። ቀላቅዬ አላውቅም።

ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 8

አባዬ፣

«የመጋዘኑ ጫኝ እጄን ይዞኝ።» ይህን ሃያ ጊዜ አነበብኩት። የምታውቀው ሰፈር፣ አርባ ዓመት የተመላለስክበት መንገድ፤ ጫኙ ለምን እጅህን ይይዝሃል?

ከሦስተኛው ከረጢት፣ ያንተ ነው ብዬ ሳላይ ካስፈጨሁት የተረፈውን አንድ እፍኝ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዱ ጥቁር ነው። የምታጸዳው ሴትዮ ከበሩ ላይ ሆና «ይሄ ነገር ሻግቷል» አለችኝ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው። ደረቅ ነው። ሙሉ ነው። አንድም ጎባጣ፣ አንድም ቀላል ፍሬ የለበትም። በጣት ከሆነ የተመረጠው፣ ከዚያ የተሻለ የመረጠ ሰው የለም።

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ሰው ገባ ወጣ፤ ግድም አልሰጠኝ።

የላክሁልህ ፎቶ የመጽሐፍ ገጽ ያክላል። «ተለቅ አድርገሽ» ስትለኝ ስስት መስሎኝ ሳቅኩ። ጠብታው የራስ ምታት አይደለም፤ የዓይን ነው። ጠረጴዛው ደህና ነው። እጅህም ደህና ነው። እኔ ሞኟ ሴል አያለሁ እያልኩ ያንተን ዓይን ሳላይ ቀረሁ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩበት እጄ ይሰበር።

በሞቴ፣ አትደብቀኝ። ምን ያህል ታያለህ?

ልጅህ

ታኅሣሥ 14

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽን ሰፊዋ አነበበችልኝ። ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ «አላልኩህም?» አለችኝ፤ ብላኝ ነበር፤ እሷ ከጅምሩ ንገራት ስትል ነበር።

እንግዲህ እውነቱ ይኸውልሽ። የቀኙ ዓይኔ ከሄደ ቆየ። በግራው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ቀለሙ ግን ጠፍቶብኛል። ነርቩ ነው አለኝ ሐኪሙ፤ የዓይን ግፊት። ቀዶ ጥገና የጠፋውን አይመልሰውም። ጠብታው ካገዘ ግራው ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይቆይ ይሆናል አለ።

ለምን ደበቅከኝ ትያለሽ። ብነግርሽ ሁሉን ጥለሽ ትመጫለሽ፤ አውቅሻለሁ። ለምን መረጥክ ትያለሽ። ከበቆሎ ሌላ ምን አለኝ የምልክልሽ? ቶሎ ጨርሰሽ እንድትመጪ ብዬ ነው። እንድትመጪ ብዬ የላክሁት ራሱ አስቀረሽ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ከዓይኔ በላይ። አራት ሰው ቤት ቆሜ «ያበላኋችሁ መርዝ ነው» አልኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ አንዷ እንዲያውም ወንበር አቀረበችልኝ፤ እሱ ባሰብኝ።

አሁን የምልሽ፣ አትምጪ። ጨርሺ። በቆሎዬ ሁለት ወር ወስዶብሻል፤ ዓይኔ ደግሞ ሌላ እንዲወስድብሽ አልፈልግም። እኔ ምንም አልሆንም። ፊትሽን አውቀዋለሁ፤ እናትሽ ከሞተች ወዲህ ሌላ ፊት መች አየሁ።

ውሸቴን ነው። ላይሽ እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ። ሰፊዋ፣ ይቺን አጥፊያት። (አላጠፋኋትም።)

አባትሽ

ታኅሣሥ 20

አባዬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ሻንጣዬን ይዤ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ልንገርህና አንተ ፍረድ።

በሰው እህል፣ ተመርምሮ በተገዛ፣ አዲስ ዙር ታኅሣሥ 12 ጀምሬያለሁ። ጥር 3 ይሞላል። ኃላፊዋን ለመንኳት። «ስለ አባትሽ አዝኛለሁ፤ ግን ሁለት ዙር ተበላሽቶብናል። ይህን ጥለሽ ከሄድሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው ለመስጠት እገደዳለሁ» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። እሷንም ከላይ ይጠይቋታል።

ሐኪሙ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ብሏል አይደል? የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ጣቴን እያጠፍኩ ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሁለቴ መደገም አለበት ትላለች፤ እሱን ከመጣሁ ወዲያ እናያለን። ይህን ዙር ብቻ። አፈር ስሆን፣ ጠብታውን ሳትረሳ አድርግ። ጠዋትና ማታ። እትዬ፣ እንዳያጭበረብርሽ ቆመሽ ተቆጣጠሪው።

ትክክል መሥራቴን አላውቅም። ሳህኖቹን በከፈትኩ ቁጥር እቆጣቸዋለሁ፤ ቶሎ በሉ እላቸዋለሁ። ባልደረባዬ ከማን ጋር ነው የምታወሪው ትለኛለች።

ልጅህ

ጥር 1

ሚጣዬ፣

ትናንት ጠዋት ተነሳሁና ሰፊዋ ቁርስ ይዛ ስትገባ «እስቲ መስኮቱን ክፈቺልኝ» አልኳት። ክፍት ነው አለችኝ።

አያምም። እንዲያውም ያ የሚያጭበረብር ብርሃን ስላረፈልኝ ራስ ምታቱ ለቆኛል። ጠብታውን አልረሳሁም፤ አንድ ቀንም። በዚህ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ሐኪሙም ሰው ነው፤ ሁለት ወር ያለው ገምቶ ነው።

እንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ኃላፊሽ ሁለቴ ይደገም ብላለች አይደል? ይደገም። ተረጋግተሽ ሥሪ፣ ሁሉን ጨርሰሽ ነይ። እስካሁን ቀን እየቆጠርኩ ራሴንም አንቺንም አስጨንቄያለሁ፤ አሁን መቁጠሩ አበቃ። ብትመጪም ባትመጪም ለኔ ያው ነው። ድምፅሽን በስልክ እሰማዋለሁ፤ ስልክ ማንሳት ጀምሬያለሁ። (ከትናንት ጀምሮ ስልኩን ከጭኑ ላይ አላወረደውም።)

ሰፊዋ ታለቅሳለች። ንገሪያት እስቲ፣ ወረቀቱን አበላሸችው።

አባትሽ

ጥር 5

አባዬ፣

እትዬ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢለት። ካለቀስሽ አይሰማሽም።

ሙከራው ተሳካ። ንጹሑ ሳህን ተያይዞ ቆመ፤ ጂኑ ክፍት ነው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የተመረዘው ተዘግቶ አፈሰሰ። ኃላፊዋ አቀፈችኝና «ሁለተኛውን ዛሬውኑ ጀምሪ» አለችኝ። እሺ ብዬ ሳህን እየደረደርኩ ሳለሁ ሹፌሩ ደብዳቤህን አመጣልኝ።

ሦስት ቀን፣ አባዬ። ሦስት ቀን ነበር የቀረኝ። ሃያ አንድ ቀን ጠብቀኝ ብዬ ዓይንህን ያዘዝኩ ይመስል። ሻንጣዬን ይዤ ከበሩ የተመለስኩበትን ቀን እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አልረሳውም። አትውቀሺ ብለሃል፤ እሺ ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

ስልክ ያልደወልኩልህ፣ ይህን በሁለት ደቂቃ ብዬ እንዳልዘጋው ፈርቼ ነው።

ሳህኖቹን ለባልደረባዬ ሰጥቻታለሁ። ኃላፊዋ ያኔ ያለችኝን ደገመችልኝ። «ለሌላ ሰው ስጪው» አልኳት። ራሴንም ገረመኝ።

አንተ ግን አንድ ነገር ተሳስተሃል። «ብትመጪም ባትመጪም ያው ነው» አልከኝ። ከጥቅምት ጀምሮ የተጻጻፍነው ሁሉ አንተ እኔን ስለማየትህ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም። አንተን ካየሁህ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ከስተህ እንደሆነ አላውቅም። ጺምህ ሸብቶ እንደሆነ አላውቅም። የምትቀመጠው ፊትህን ወዴት አዙረህ እንደሆነ አላውቅም። እኔ እኮ አያለሁ፣ አባዬ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ በሚነሳ ሌላ መኪና አስቀድሜ ልኬልሃለሁ፤ እኔ ነገ ከሹፌሩ ጋር እነሳለሁ፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት እደርሳለሁ። ደጅ ወጥተህ ቁምልኝ፤ ልይህ።

ሚጣህ